የወረርሽኝ ወሬ በተሰማ ጊዜ ስለሚደረግ ጉዞ



ለዕረፍት ወይም ለዘመድ ጥየቃ ሊሄድ ተሰናድቶ፣ ቲኬቱን ቆርጦ፣ ፈቃዱን ከመሥሪያ ቤቱ ተቀብሎ፣ ሻንጣውንም ማሰር ጀምሮ ሳለ፣ ሊሄድበት ባሰበው አገር ክፉ ተላላፊ በሽታ ገባ የሚል ወሬ በድንገት የደረሰው ሰው፣ ልሂድ ወይስ ልቅር እያለ በሐሳብ በሚዋልልበት ጊዜ፣ ከየትኛው ጥያቄ ጀምሮ፣ የማንንስ ቃል አድምጦ ቁርጥ ካለ ውሳኔ ላይ ሊደርስ እንደሚገባው እንናገር ዘንድ ለዛሬ ይህን ርእስ መርጠናል። ጉዳዩ የሩቅ አይደለም። የጤና ሚኒስቴር በ2018 ዓ.ም. ኅዳር 5 ቀን በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ በጂንካ ከተማ፣ የማርበርግ ቫይረስ በሽታ መገኘቱን ባስታወቀ ጊዜ፣ ወራቱ በባሕር ማዶ የሚኖሩ ወገኖቻችን ገናንና ጥምቀትን በአገራቸው ለማክበር የሚሰናዱበት፣ የኦሞን ሸለቆ ለማየት የሚመጡት የውጭ አገር ሰዎችም በዚያችው በጂንካ በኩል የሚያልፉበት ነበረና፣ ይኸው የመሄድና የመቅረት ጥያቄ ከእኛው ደጃፍ ላይ ቆሞ ነበር።

እንዲህ ያለ ወሬ ሲሰማ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ሰው ሞተ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ከርኅራኄም ከፍርሃትም የሚወለድ ስለ ሆነ ማንም ሊነቀፍበት አይገባም፤ ነገር ግን መንገደኛን በደኅና የሚመራው እርሱ አይደለም። የያዘውን ሁሉ ለሞት የሚያቀርብ በሽታ ለመንገደኛው እምብዛም የማያሰጋ ሊሆን፣ ከያዛቸው መካከል ጥቂቶቹን ብቻ የሚገድል በሽታ ደግሞ በአንድ አዳራሽ የተቀመጡትን ሁሉ ሊያዳርስ ይችላል። በዚህ ንግግር አጥብቄ የምይዘው ሐሳብ ይህ ነው፤ ከሟቾቹ ቍጥር አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት በሽታው ከሰው ወደ ሰው የሚሻገርበት መንገድ ነው፤ ያ መንገድ በደንብ ከታወቀ በኋላ፣ ተጓዡ እዚያ አገር ደርሶ ሊሠራው ያሰበው ነገር በዚያው መንገድ ላይ ያቆመው እንደ ሆነና እንዳልሆነ መለየት ይቀልለታል።

ከዚህ በኋላ የውጭውን አገር ታሪክ ስጠቅስ ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስታውሳለሁ።

ለዚህ ሐሳብ ማስረጃ የሚሆነን ይኸው ማርበርግ የተባለው በሽታ ነው። ሊቃውንት ለመጀመሪያ ጊዜ ያወቁት በ1967 ሲሆን፣ ለምርምር ከዩጋንዳ ከመጡ ጦጣዎች ተነሥቶ በጀርመን አገር በማርበርግና በፍራንክፈርት፣ በዩጎዝላቪያም በቤልግሬድ ከተማ የነበሩትን የላቦራቶሪ ሠራተኞች ያዘ፤ ከእነርሱም ወደ አስታማሚዎቻቸው ተሻግሮ፣ በጠቅላላው 31 ሰዎችን አሳምሞ ሰባቱን ገደለ። ቫይረሱ ከሕመምተኛው ወደ ጤነኛው የሚያልፈው በደሙ፣ በትውከቱ፣ በምራቁ፣ በላቡና ከሰውነቱ በሚወጣው በማናቸውም ፈሳሽ ሲሆን፣ የሟቹም ሥጋ ራሱ ለሚነካውና ለሚገንዘው ሰው እጅግ አደገኛ ነው። ይሁን እንጂ እንደ ኩፍኝ በአየር ላይ ተንሳፍፎ ከክፍል ወደ ክፍል አይሄድም፤ ትኩሳቱ ገና ካልተነሣበት ሰውም አይጋባም። በሽታው ሰውነት ውስጥ ገብቶ ምልክቱ እስኪታይ ድረስ ከ2 እስከ 21 ቀን ሊቆይ ይችላል፤ ይህን የ21 ቀን አኃዝ አድማጮቼ በልቡናችሁ ያዙልኝ፤ ኋላ ያስፈልገናል።

የሩዋንዳ መንግሥት ሴፕቴምበር 27 ቀን 2024 በሽታው በአገሩ መገኘቱን ባወጀ ጊዜ፣ የተራራ ጎሪላዎችን ለማየት ከዓለም ዙሪያ ወደዚያች አገር የሚሄደው ሰው ብዙ ስለ ሆነ፣ ድንጋጤው ከበሽታው ፈጥኖ በየአገሩ ተሰማ። መዝገቡን ገልጦ ለተመለከተ ሰው ግን ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። እስከ መጨረሻው ድረስ የተያዙት 66፣ የሞቱት 15 ሲሆኑ፣ ከተያዙት ከአሥሩ ስምንት የሚሆኑት በኪጋሊ ሆስፒታሎች ሕሙማንን ሲረዱ የነበሩ ሐኪሞች፣ ነርሶችና ሌሎች የጤና ሠራተኞች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች የበሽታው ስም ገና ሳይታወቅ በባዶ እጃቸው ወገናቸውን ሲያነሡና ሲጥሉ የተያዙ ናቸውና፣ ስማቸው በክብር ሊነሣ ይገባዋል። የመጀመሪያው ሕመምተኛም የፍራፍሬ የሌሊት ወፎች ከሚኖሩበት ከአንድ የማዕድን ጉድጓድ ጋር ግንኙነት እንደ ነበረው ምርመራው አሳየ። እንግዲህ የበሽታው መንገድ ከማዕድን ጉድጓዱ ወደ ሆስፒታሉ፣ ከሆስፒታሉም ወደ አስታማሚው ቤት የሚወስድ ነበር እንጂ፣ ጎብኚው ከመሪው ጋር በጫካ ውስጥ የሚወጣውን ጠባብ ጎዳና የሚነካ አልነበረም። አገሪቱ ከበሽተኞቹ ጋር ግንኙነት የነበራቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ፈልጋ ስትከታተል፣ ኦክቶበር 6 ቀን ገና በሙከራ ላይ ያለ ክትባት ለጤና ሠራተኞችዋ መስጠት ስትጀምር፣ መተንፈሻ ቱቦ ገብቶላቸው የነበሩ ሁለት ሕሙማን እንኳ ከሞት አፋፍ ሲመለሱ፣ ዓለም በመደነቅ ተመለከተ። የመጨረሻው በሽተኛ ከዳነ በኋላ ሃያ አንዱ ቀን ሁለት ጊዜ፣ ማለት 42 ቀን ተቈጥሮ፣ ዲሴምበር 20 ቀን ወረርሽኙ ማብቃቱ ታወጀ።

በዚያ ሰሞን ብዙ ሰው ያደናገረ አንድ ነገር ነበረ። የዓለም ጤና ድርጅት ወደ ሩዋንዳ በሚደረገው ጉዞ ላይ ክልከላ እንዳይጣል ሲመክር፣ ዋና ዲሬክተሩ ዶክተር ቴዎድሮስ አድሐኖምም በዚያው በኦክቶበር ወር ራሳቸው ኪጋሊ ሲሄዱ፣ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ደግሞ ዜጎቹ አስፈላጊ ካልሆነ በቀር ወደዚያ እንዳይጓዙ ኦክቶበር 7 ቀን አሳሰበ። ከሁለቱ አንዱ ዋሽቷል ማለት ነውን? አይደለም። ድርጅቱ የሚናገረው ለመንግሥታት ነው፤ ወሰን ቢዘጋ፣ አውሮፕላን ቢከለከል፣ መድኃኒቱና ሐኪሙ ወደ በሽታው ቦታ እንዳይደርስ ከማድረጉ በላይ፣ ነገ ሌላ አገር ተመሳሳይ ነገር ሲያጋጥመው ከመናገር ይልቅ ዝም ማለትን እንዲመርጥ ያስተምረዋልና። ማዕከሉ ግን የሚናገረው ለአንድ ግለሰብ ነው፤ ይህ ጉዞህ ለሌላ ጊዜ ሊቆይ የሚችል ከሆነ አቆየው ማለቱ ነው። ስለዚህ መግለጫ የሚያደምጥ ሰው ቃሉ ለማን እንደ ተነገረ አስቀድሞ ይለይ። «ድንበር አትዝጉ» የተባለውን ምክር «አንተም ያለ ሥጋት ሂድ» ብሎ መተርጐም፣ «ብትቀር ይሻልሃል» የተባለውንም «አገሪቱ ጠፍታለች» ብሎ ማውራት፣ ሁለቱም ከቃሉ ውጪ ናቸው።

አሁን የተናገርሁት፣ ጎብኚ ከማርበርግ ፈጽሞ ነጻ ነው ለማለት አይደለም። በዩጋንዳ በንግሥት ኤልሳቤጥ ብሔራዊ ፓርክ አጠገብ፣ በማራማጋምቦ ደን ውስጥ፣ ዘንዶዎችና እልፍ አእላፍ የሌሊት ወፎች የሚኖሩበት ዋሻ አለ። በ2008 አንዲት ኔዘርላንዳዊት ለዕረፍት በሄደችበት ወደዚያ ዋሻ ገብታ ወደ አገርዋ ከተመለሰች በኋላ በዚሁ በሽታ ታመመችና ሞተች፤ ከእርስዋ ጥቂት ወራት አስቀድማ ያንኑ ዋሻ የጎበኘች አንዲት አሜሪካዊትም ታምማ ከዳነች ብዙ ጊዜ በኋላ፣ የያዛት እርሱ እንደ ነበረ በደም ምርመራ ታወቀ። እዚህ ላይ ልብ እንድንለው የሚያስፈልገው ቁም ነገር፣ ሁለቱም ሴቶች በሄዱበት ጊዜ ስለ ጎብኚዎች ሥጋት በዓለም የሚጮኽ ወሬ አለመኖሩ ነው። ሩዋንዳን በወሬ ፈርቶ የቀረው ሰው፣ ምንም ባልተወራበት ወራት የሌሊት ወፍ ዋሻ ውስጥ ቢገባ፣ ከሸሸው አደጋ የሚበልጥ አደጋ ውስጥ ይገባል። አደጋው የተቀመጠው በአገሩ ስም ላይ ሳይሆን በዚያች በአንዲት ድርጊት ላይ ነውና።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ ታሪክ ደግሞ አለ፤ እርሱንም ሳልናገር ባልፍ አድማጮቼን ወደ ድፍረት መርቼ እንዳልተው እፈራለሁ። በፌብሩዋሪ 2003 ከደቡብ ቻይና፣ ከጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር፣ የሳምባ ሕሙማንን ሲያክም የነበረ አንድ ሐኪም ወደ ሆንግ ኮንግ መጥቶ በአንድ ሆቴል ዘጠነኛ ፎቅ ላይ አደረ። በዚያው ፎቅ ያደሩ እንግዶች፣ አብዛኞቹ ቃል እንኳ ሳይለዋወጡት፣ ሳርስ ተብሎ የተሰየመውን በሽታ ከእርሱ ወስደው፣ አንዱ ወደ ሃኖይ፣ አንዲቱ ወደ ሲንጋፖር፣ ሌላይቱም ወደ ቶሮንቶ ይዘውት በረሩ። በሽታው እስኪገታ ድረስ ከ8,000 በላይ ሰዎችን ይዞ 774ቱን ገደለ። ያን ጊዜ የዓለም ጤና ድርጅት ልማዱ ያልሆነውን አድርጎ፣ አስፈላጊ ያልሆነ ጉዞ ወደ ሆንግ ኮንግና ወደ ጓንግዶንግ እንዳይደረግ ኤፕሪል 2 ቀን በግልጽ መከረ። እንደ እኔ ፍርድ ትክክለኛ ምክር ነበረ። በትንፋሽ የሚጋባ፣ መድኃኒትና ክትባት ያልተገኘለት፣ አመሉም ገና በቅጡ ያልታወቀ በሽታ በተነሣ ጊዜ፣ የዕረፍት ጉዞ ማለት በአሳንሰር መውጣት፣ በምግብ ቤት መቀመጥ፣ በአውሮፕላን ጣቢያ መሰለፍ ስለ ሆነ፣ መንገደኛው ሌላ ምንም ሳይሠራ በበሽታው መንገድ ላይ ቆሟል። እንዲህ ባለ ጊዜ መቅረት ፍርሃት ሳይሆን ጥበብ ነው።

ካርታን አለማወቅም የራሱን በደል ያደርሳል። በ2014 ኢቦላ በጊኒ፣ በላይቤሪያና በሴራሊዮን በበረታ ጊዜ፣ ከ28,000 የሚበልጥ ሰው ታሞ ከ11,000 የሚበልጠው ሲሞት፣ በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ የዱር አራዊትን ለማየት ቀጠሮ የያዙ ብዙ የውጭ አገር ሰዎች ጉዟቸውን ሰረዙ። ከሴራሊዮን ዋና ከተማ ከፍሪታውን ተነሥቶ ወደ ናይሮቢ የሚሄድ ሰው የሚጓዘው መንገድ፣ ወደ ስፔን ዋና ከተማ ወደ ማድሪድ ከሚጓዘው ይረዝማል፤ ሆኖም ማድሪድን ስለዚህ የሸሸ ጎብኚ ብዙ አልተሰማም። አፍሪካ አንድ መንደር ተደርጋ በመታየትዋ፣ በሽታው ባልደረሰበት አገር አስጎብኚው፣ ሾፌሩ፣ የሆቴሉ ምግብ አብሳይ እንጀራቸውን አጡ። ይህ ዐይነቱ ጥፋት በእኛም ዘንድ እንዳይደገም፣ በጂንካ የተሰማውን ነገር ይዞ ላሊበላንና ጎንደርን መፍራት ምን ያህል ከእውነት የራቀ እንደ ሆነ፣ በውጭ አገር የምትኖሩ አድማጮች ለሚጠይቋችሁ ጎረቤቶቻችሁ ብታስረዱ፣ ለአገራችሁ መልካም ሥራ ሠራችሁ ማለት ነው። የጂንካውም ወረርሽኝ ቢሆን በ2018 ዓ.ም. በጥር ወር ማብቃቱ ታውጇል።

ነገር ግን፣ አድማጮቼ፣ በአንድ አውሮፕላን ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት መንገደኞች አንድ ዐይነት ሥጋት የላቸውም። ከመካከላቸው አንዱ ተራራና አራዊት አይቶ፣ በሆቴሉ አድሮ የሚመለስ እንግዳ ሲሆን፣ ሁለተኛው ወደ እናቱ ቤት የሚሄድ ልጅ ነው። ስለ ወገኖቻችን ስንናገር፣ ለእኛ የዕረፍት ጉዞ ማለት አብዛኛውን ጊዜ የዘመድ ጉዞ ነው። ከአውሮፕላን የወረደው ሰው ጉንጭ ለጉንጭ ተሳስሞ፣ የታመመ ዘመድ ካለ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ግንባሩን ዳስሶ፣ ውኃ አጠጥቶ፣ ሞትም ቢደርስ አስከሬኑን ተሰናብቶ፣ በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ከሕዝቡ ጋር ይሰነብታል። ድውይን መጠየቅና ሙትን መገነዝ ከአባቶቻችን የወረስናቸው፣ ሃይማኖታችንም የሚያዝዘን የፍቅር ሥራዎች ናቸው፤ እንደ ኢቦላና እንደ ማርበርግ ያሉ በሽታዎች ደግሞ የሚያልፉት በዚሁ በፍቅር በር ነው። በምዕራብ አፍሪካም ብዙዎችን የጨረሰው ሟችን አጥቦ፣ ዳስሶና ስሞ የመቅበር ልማድ ነበረ። ስለዚህ ኪጋሊ ደርሶ ጎሪላ አይቶ ለሚመለሰው እንግዳ «ሂድ» ብልም፣ በሽታው በገባበት ሰፈር የታመመ ዘመዱን ሊያስታምም ለሚነሣው ወንድሜ ያንኑ ቃል አልሰጠውም። ለእርሱ የምለው፣ ብትሄድ ያለ ጓንትና ያለ ሐኪም ምክር አትንካ፤ ከቻልህ ግን ገንዘብህን አስቀድመህ ላክና ሕሙሙ ወደ ሕክምና ማዕከል እንዲገባ አድርግ፤ አንተ ደኅና ስትሆን የምትረዳው ብዙ ነው የሚል ነው። ይህን ማለት ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። እናቱ በታመመችበት ጊዜ በባዕድ አገር ቁጭ ማለት ለልጅ ምን ያህል መራራ እንደ ሆነ፣ ከስደት አገር የሚጻፈውን ደብዳቤ ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል።

ሰዎች እምብዛም የማያስቡት ሌላም ነገር አለ። መንገደኛን ከወረርሽኙ ይልቅ ወረርሽኙ ያስከተለው ሁኔታ ሊጐዳው ይችላል። በሩዋንዳ እንዳየነው በሽታው የሚመላለሰው በሆስፒታል ውስጥ ከሆነ፣ በመኪና አደጋ እግሩ የተሰበረ እንግዳ የሚወሰደው ወደዚያው ሆስፒታል ነው። ወባም አለች። እንደ ደቡብ ኦሞ ያለውን ቆላ አገር ጎብኝቶ ትኩሳት የያዘው ሰው ከማርበርግ ይልቅ በወባ የመያዙ ነገር እጅግ የሚመስል ሲሆን፣ የሁለቱም ጅማሬ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የሰውነት መሰባበር ስለ ሆነ፣ አንዱ በሌላው ተጠርጥሮ የወባው መድኃኒት እንዳይዘገይበት ያሰጋል፤ ስለዚህ በአጎበር መተኛትና ሐኪም ያዘዘውን የወባ መከላከያ መዋጥ በወረርሽኝ ወራት ይበልጥ ያስፈልጋል። የጉዞ መድን የሚገዙም ሰዎች ውሉን ፈርመው ከመክፈላቸው አስቀድመው ያንብቡት፤ ብዙዎቹ ኩባንያዎች ወረርሽኙ በይፋ ከታወቀ በኋላ ለተገዛ ውል፣ በዚሁ ምክንያት የተሰረዘውን ጉዞ ኪሣራ አይከፍሉም። በእርግዝና ላይ ያለች፣ በዕድሜ የገፋ፣ የስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ከሐኪሙ ጋር ሳይመክር ስለ መሄዱ አይወስን።

እስከ አሁን የተነጋገርነው መንገደኛው ራሱን ስለሚጠብቅበት ነገር ነው። ነገር ግን ተጓዥ በሽታን የሚፈራ ብቻ ሳይሆን የሚያደርስም ነው። በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር አዲስ አበባን ባዶ ያስቀረው፣ አልጋ ወራሹን ራስ ተፈሪ መኰንንን እንኳ በአልጋ ላይ የጣለው፣ እስከ ዛሬም ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ በየደጁ እየተቃጠለ የሚታሰበው የኅዳር በሽታ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፍጻሜ ዓለምን ሁሉ ከዞረው ኢንፍሉዌንዛ አንዱ ክፍል ሲሆን፣ ወደ አገራችን የገባው በመንገደኛ ትንፋሽ ነው። በጁላይ 2014ም ሕመም እየተሰማው ከላይቤሪያ ተነሥቶ ወደ ሌጎስ የበረረ አንድ መንገደኛ ኢቦላን ወደ ናይጄሪያ አስገብቶ፣ እርሱን ጨምሮ 20 ሰዎች ታመው 8ቱ ሞቱ፤ ከሟቾቹም መካከል እርሱን ያስታመሙ የጤና ሠራተኞች ነበሩበት። ጎሪላ ለማየት የሚወጣ ሰው ጉንፋን እንኳ ይዞት ቢገኝ ለእንስሶቹ ተብሎ ከመንገድ እንዲመለስ ይደረጋል፤ ለእንስሳ የተደረገው ጥንቃቄ ለሰው ሊነፈግ አይገባም። ትኩሳት ያለበት ሰው የቲኬቱ ገንዘብ ቢቃጠልበትም እንኳ መሳፈር የለበትም።

ሊመሰገን የሚገባውን የዚህን ተቃራኒ ሥራ ደግሞ በኦክቶበር 2024 መጀመሪያ ላይ በጀርመን አገር አይተናል። በሩዋንዳ ሆስፒታል ቆይቶ የተመለሰ አንድ የሕክምና ተማሪ በባቡር ወደ ሃምቡርግ ሲጓዝ ሕመም ቢሰማው፣ ዝም ብሎ በሰው መካከል በመሄድ ፈንታ ለሐኪሞች አስታወቀ፤ የጣቢያው ሐዲድ ተዘግቶ፣ ሙሉ የመከላከያ ልብስ የለበሱ ሰዎች ተቀብለው ወደ ሆስፒታል ወሰዱት። ምርመራው ማርበርግ አለመሆኑን አረጋገጠ። ለጥቂት ሰዓት ባቡር ዘገየ፤ ሌላ የተጐዳ ነገር የለም።

እናንተም አድማጮቼ፣ እንዲህ ያለ በሽታ ከተሰማበት ቦታ ከተመለሳችሁ፣ እስከ 21 ቀን ድረስ ሙቀታችሁን ጠዋትና ማታ ለኩ። ትኩሳት ቢነሣባችሁ በታክሲ ወይም በአውቶቡስ ተሳፍራችሁ ወደ ክሊኒክ አትሂዱ፤ በሕክምና ቤቱም ተራ ይዛችሁ በሰው መካከል አትቀመጡ። ከቤታችሁ ሳትወጡ አስቀድማችሁ በስልክ ደውሉ፤ በአገር ውስጥ ያላችሁ ወደ ኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በ8335፣ በውጭ ያላችሁም ወደምትኖሩበት አገር የጤና መሥሪያ ቤት። ከየት እንደ መጣችሁ፣ በየትኛው ቀን እንደ ተመለሳችሁ፣ የታመመ ሰው ወይም አስከሬን ነክታችሁ እንደ ሆነ፣ ወደ ዋሻ ገብታችሁም ከሆነ፣ አንዱንም ሳትሰውሩ ለሐኪሙ ንገሩ።